ጭምብለኛው ጀግናና የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ



ይህን ዓምድ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች፣ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ወጣቶች መሆናችሁን አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ የወጣትነት ጥፋቴን ብነግራችሁ አትታዘቡኝም ብዬ አምናለሁ። እኔም በናንተ ዕድሜ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ የገባውን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ የወጣውንም በወጪ መዝገብ ቍጥር እየሰጡ መጻፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራው ሰልችቶኝ ነበርና አንድ ቀን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን ባለሥዕል መጽሔት በፋይል ሸፍኜ ሳነብ አለቃዬ ሳልሰማቸው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ሥዕሉን እስኪበቃቸው ተመለከቱት። በሥዕሉ ላይ ጥቁር ካባ የደረበና ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ሰው ከፎቅ ላይ ዘልሎ ወንጀለኛ ሲይዝ ይታያል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ይህ ሰው ሌባውን ከያዘው በኋላ ቃሉን የሚቀበልለት፣ መዝገብ የሚከፍትለትስ ማነው?»

እኔ በሐፍረት አቀርቅሬ ዝም አልኩ። እርሳቸውም ሌላ የቁጣ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩትም ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ጭምብለኞቹን ጀግኖች ወደ እንፋሎትና ወደ ጋዝ መብራት ዘመን ወስደው ስለሚተርኩት ባለሥዕል ታሪኮች፣ እነርሱም ስለሚያስታውሱንና ስለሚያስረሱን ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ነገሩን ለማያውቁት ከሥሩ ላስረዳ። ባለሥዕል ታሪክ ማለት ፈረንጆች ኮሚክስ የሚሉት፣ ነገሩ በተርታ በተሰለፉ ሥዕሎች የሚተረክበት፣ የተናጋሪውም ቃል ከአፉ አጠገብ አረፋ በሚመስል ክብ ውስጥ የሚጻፍበት የንባብ ዐይነት ነው። በ1938 በአሜሪካ አገር ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ሱፐርማን የሚባለውን ጀግና በዚህ መንገድ ለአንባቢ አቀረቡ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1939፣ ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ባትማንን፣ ማለትም የሌሊት ወፍ መስሎ በጨለማ ወንጀለኛ የሚያሳድደውን ሰው ፈጠሩ። ከዚያ ወዲህ ልዕለ ኃያል የሚባሉት ጀግኖች ቍጥራቸው እየበዛ ሄደ።

ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ እነዚህ ጀግኖች ከመጀመሪያው የመኪናና የፋብሪካ ዘመን ልጆች ናቸው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ፣ የገዢው ዓይን የለመደው ፈረስን ነበርና፣ «ይህ ሞተር የዚህን ያህል ፈረስ ሥራ ይሠራል» እያለ ያስረዳ ነበር። እስከ ዛሬ የሞተርን ኃይል በፈረስ ጉልበት የምንለካው ከዚያ የተነሣ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሱፐርማን ሲመጣ ደግሞ ጉልበቱን ለማስረዳት ከባቡር ጋራ አወዳደሩት። ስለዚህ በፊት መኪናው በእንስሳ ተለካ፣ በኋላም ሰው በመኪና ተለካ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ምን ያህል ዓለም እንደ ተለወጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሱፐርማን በመጀመሪያ ጊዜ ይዋጋ የነበረውም ከሰማይ ከመጣ ጭራቅ ጋራ አልነበረም። በዚያው በ1938 በወጣው በሦስተኛው ቍጥር የአደጋ መከላከያ ባልተደረገለት የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች ሲቀበሩ ይታያል። ሱፐርማን የማዕድን ሠራተኛ መስሎ ይገባና ባለንብረቱ ከግብዣ እንግዶቹ ጋራ ጉድጓዱ ውስጥ በወረደ ጊዜ መውጫውን ይዘጋባቸዋል። ባለጠጋው የሠራተኛውን ጭንቅ በገዛ ሰውነቱ ካየ በኋላ ማዕድኑን ለማስተካከል ቃል ይገባል። እንግዲህ የነዚህ ታሪኮች መነሻ «በመኪና ዘመን ደካማውን የሚጠብቅለት ማነው?» የሚል ጥያቄ እንደ ነበረ ታያላችሁ።

ይህ ከሆነ ዘንድ ደራሲዎች ጀግኖቻቸውን ወደ መኪናው ዘመን ጧት መልሰው ቢወስዷቸው አያስደንቅም። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው በ1989 የወጣው «ጎታም በጋዝ መብራት» የተባለው ነው። ደራሲው ብራያን ኦገስቲን፣ ሠዓሊው ማይክ ሚኞላ፣ በሚኞላ ንድፍ ላይ ቀለሙን ያጠበቀው ደግሞ ክሬግ ራስል ነው። እነዚህ ሰዎች ባትማንን ከነካባው ወስደው በ1889 ላይ አስቀመጡት። አውቶሞቢል የለም፣ ራዲዮ የለም፣ በመንገዱ ላይ ጋሪና ጭጋግ፣ የጋዝ ፋኖስና የድንጋይ ከሰል ጢስ ብቻ ነው። ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ጭምብሉን ሲያወልቅ ባትማን፣ በአውሮፓ ሲማር ቆይቶ በቪየና ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋራ ሲነጋገር ታሪኩ ይጀምራል። ከዚያም ወደ አገሩ ወደ ጎታም ሲመለስ ክፉ ነፍሰ ገዳይ ተከትሎት ይገባል።

ይህ ነፍሰ ገዳይ ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። በ1888 ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ በለንደን ከተማ ኋይትቻፕል በሚባለው የድኾች ሰፈር አምስት ሴቶች በአንድ እጅ እንደ ተገደሉ ይታመናል። ጋዜጦች ገዳዩን «ቀዳጁ ጃክ» ብለው ጠሩት፤ ማንነቱ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ደራሲው የጨመረው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ገዳዩ ባሕር ተሻግሮ ቢመጣስ? በዚያስ ከተማ ጭምብለኛው ቢጠብቀው?

አሁን በታሪኩ ውስጥ የሚሆነውን አስተውሉ። ባትማን በጉልበቱ አያሸንፍም። እንዲያውም በሐሰት ተወንጅሎ ብሩስ ዌይን ራሱ የሴቶቹ ገዳይ ነው ተብሎ ይያዛል፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም በስቅላት እንዲሞት ይፈረድበታል። የሚሰቀልበትን ቀን እየጠበቀ በክፍሉ ውስጥ ሳለ ጎርደን የተባለው የፖሊስ ሹም፣ ነገሩ ስላላመነው፣ የምርመራውን ወረቀት ሁሉ ያመጣለታል። እስረኛው ካባውን ሳይለብስ፣ ከፎቅ ሳይዘልል፣ ቁጭ ብሎ ወረቀት ያገላብጣል። እውነተኛውንም መንገድ የሚያገኘው ከነዚያ ወረቀቶችና ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አልነግራችሁም፤ መጽሐፉን ያገኘ ሰው ራሱ ይድረስበት። በ1918 ሳይሆን በቅርቡ፣ በ2018፣ ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራው የካርቱን ፊልም ገዳዩን ሌላ ሰው አድርጎታልና ፊልሙን ያየ ሰውም መጽሐፉን አውቄዋለሁ አይበል።

ይህን ያነበብኩ ዕለት አለቃዬ ትዝ አሉኝ። የጭምብለኛውን ነፍስ ያዳነው የተያዘ መዝገብ ነውና!

ዘመኑን ደራሲዎች ለምን ወደዱት ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አንደኛ፣ የዚያን ጊዜ መኪና ሥራው በዓይን ይታያል። ጥርስ ያለው መንኰራኵር ሌላውን ሲያዞር፣ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ እንፋሎቱ ሲተን ማየት ይቻላል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ውስጡ ቢከፈት ለሠዓሊ የሚሆን ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ የምርመራ ጥበብ ገና ሕፃን ነበር። የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው በ1829 ሲሆን የጣት አሻራ መዝገብ ቤት የከፈተው በ1901 ነው። ስለዚህ በ1889 ያለ መርማሪ ብልሃቱን ከራሱ ማውጣት አለበት። ሦስተኛውም ምክንያት ያ ዘመን ወደ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል የነበረ መስሎ መታየቱ ነው።

ለዚህ ለሦስተኛው ምሳሌ ልስጣችሁ። ቻርልስ ባቤጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1820ዎቹ በመንኰራኵር የሚያሰላ መኪና ለመሥራት ተነሣ። መንግሥት ከ17,000 ፓውንድ በላይ አወጣበት፤ ነገር ግን ሥራው ሳያልቅ በ1842 እርዳታው ቆመ። በ1991 የለንደን የሳይንስ ሙዚየም ባቤጅ በኋላ በነደፈው በሁለተኛው ንድፍ መሠረት የማስላቱን ክፍል ሠርቶ ቢያስነሣው በደንብ አሰላ። እንግዲህ መኪናው በጊዜው ቢያልቅ ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር? ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ በ1990 ባሳተሙት ልብ ወለድ ይህን አስበው ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን፣ በእንፋሎት ዘመን ላይ የሚመሠረተውን ልብ ወለድ፣ ስቲምፐንክ ብሎ የሰየመው ኬ. ደብልዩ. ጄተር የተባለ ደራሲ ነው፤ ቃሉን የተጠቀመበት በ1987 ለአንድ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ነው።

በ1999 ደግሞ አለን ሙርና ኬቪን ኦኒል ሌላ መንገድ ቀየሱ። አዲሶቹን ጀግኖች ወደ ኋላ ከመውሰድ ይልቅ የዚያኑ ዘመን የልብ ወለድ ሰዎች፣ ባለባሕር ሰርጓጁን ካፒቴን ኔሞን፣ የማይታየውን ሰው፣ አዳኙን ኳተርሜይንንና ሌሎችንም በአንድ ጓድ ሰብስበው በ1898 ለእንግሊዝ መንግሥት በምሥጢር እንዲያገለግሉ አደረጓቸው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኃይለኞቹ ሰዎች ትእዛዝ ይቀበላሉ እንጂ ትእዛዙ ከማን እንደሚመጣ በደንብ አያውቁም፤ መከራቸውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከነዚህ መጻሕፍት ደኅነኛውን ከተራው ለመለየት እኔ የምጠቀምበትን ሚዛን ልንገራችሁ። ደኅነኛ ደራሲ ከታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ የቀረውን ሁሉ በሐቅ ይከተላል። ሰነፉ ደራሲ ግን ጀግናውን የነሐስ መነጽርና ረጅም ባርኔጣ አልብሶ ጢስ ካጨሰበት በኋላ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። ያን ጢስ ያጨሰውን ሰው፣ በሽመና መኪናው ሥር ገብቶ የተበጠሰ ክር የሚቀጥለውን ሕፃን አያሳየንም።

ስለዚያ ሕፃን ጥቂት ላውራ፤ የአለቃዬ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚህ ነውና። በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠራ ሕግ አወጣ፤ የሐር ፋብሪካ ብቻ ከሕጉ ውጭ ቀረ። ሕጉን እንዲያስጠብቁ ለአገሩ በሙሉ የተሾሙት ተቆጣጣሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱም ሌላ አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። የልጁ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ባለፋብሪካው «ዘጠኝ ሞልቶታል» ይላል፤ የደኸየው አባትም ደመወዙን ስለሚፈልገው «አዎን፣ ሞልቶታል» ይላል። ሐኪሙ የልጁን ቁመት አይቶ ይገምታል። እንዲያውም በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም የልጆችን ዕድሜ በጥርሳቸው ማወቅ ይሻላል ብሎ ጽሑፍ አሳትሟል። ሰውን እንደ በቅሎ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜ መጠየቅ ማለት ይህ ነው!

በዚያው በ1837፣ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ፣ በእንግሊዝና በዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት መዝገብ ተከፈተ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ስም፣ ቀን፣ ቦታ ብሎ ጻፈ። መዝገቡ ቀስ በቀስ በሞላ ቍጥርም የልጁን ዕድሜ የሚናገር፣ ባለፋብሪካውም ሆነ አባቱ የማያታልሉት ምስክር ተገኘ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሩቅ አገርም ይሠራል።

ይህ መዝገብ ሌላም ሥራ ሠርቷል። በ1839 ዊልያም ፋር የተባለ፣ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደና ሕክምና የተማረ ሰው በመዝገቡ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው የሟቾችን ቍጥርና የሞታቸውን ምክንያት እያጠቃለለ ማዘጋጀት ነበር። በ1854 በነሐሴ መጨረሻ ሶሆ በሚባለው የለንደን ሰፈር ኮሌራ ገባና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በሽታው የሚተላለፈው በውኃ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የሚሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዎች በሽታውን የሚያመጣው የተበላሸ አየር ነው ይሉ ነበር። ስኖው ወደ መዝገቡ መሥሪያ ቤት ሄዶ እስከ መስከረም 2 ባለው ሳምንት በሰፈሩ በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር እንዲገለብጥ ፈቃድ ጠየቀ። የ89 ሰዎች ስም ተሰጠው። ያን ወረቀት ይዞ በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ። የሞቱት ከሞላ ጐደል በብሮድ መንገድ ካለው የውኃ ፓምፕ አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ፤ ከነርሱም 61ዱ ከዚያ ፓምፕ ይጠጡ እንደ ነበረ ሰማ። መስከረም 7 ቀን ማታ ለሰፈሩ አስተዳዳሪዎች አስረዳ፤ በማግሥቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላገንን፣ በዚያ ቀን በሽታው ራሱ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሰፈሩን ለቆ ሸሽቷል። ዳሩ ግን ስኖው በዚህ አላቆመም። በደቡብ ለንደን ሁለት ኩባንያዎች ውኃ ያድሉ ነበር። አንደኛው ከቴምዝ ወንዝ የከተማው እድፍ ከሚፈስበት ቦታ ይቀዳል፤ ሁለተኛው በ1852 መቅጃውን ወደ ላይ ወደ ንጹሑ ውኃ አዛውሮ ነበር። አሁንም በመዝገቡ እየተመራ ቈጠረ። ከ10,000 ቤት እድፉን ከሚጠጡት 315 ሰዎች ሲሞቱ፣ ንጹሑን ከሚጠጡት የሞቱት 37 ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ፋር ራሱ በዚያ ጊዜ በስኖው አሳብ አለመስማማቱ ነው። እርሱም የአየሩን ነገር ከሚያምኑት አንዱ ነበር። ቢሆንም መዝገቡን አላዛባም፣ አልደበቀም፤ ለማያምንበት አሳብ ማስረጃ የሚሆነውን ቍጥር እንዳለ አቀረበ። በ1866 ኮሌራ በምሥራቅ ለንደን እንደገና ሲነሣ ያው ፋር በቍጥሩ ተመርቶ ጥፋቱ ከውኃው መሆኑን አመነ፤ ስኖው ግን በ1858 ሞቶ ስለ ነበር ይህን አላየም።

አሁን፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ የባለሥዕሉን ታሪክ ደራሲዎች ጨዋታ እኛም እንጫወት። ከለንደን ታሪክ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ጭምብለኛ ጀግና አንጨምርም፤ አንድ ሰው እንቀንሳለን። የሶሆው የሞት መዝገብ ጸሐፊ ሥራው ሰልችቶት፣ በዚያ ሳምንት የሞቱትን ስም ሳይጽፍ ቀረ እንበል። ወይም «ይህን ማን ያነበዋል?» ብሎ ቀኑንና ቦታውን በግምት ሞላው። ስኖው የሚዞርበት ዝርዝር የለውም። በደቡብ ለንደንም 315ን ከ37 የሚለይ ሰው የለም። ከተማው መጥፎ ሽታን ሲያሳድድ የሚጠጣውን ሳይመረምር ይኖራል። ይህን የተለወጠ ታሪክ ለመሥራት የእንፋሎት መርከብ በሰማይ ማብረር አላስፈለገንም፤ አንድ ብዕር ማድረቅ በቃን።

ይህን ስል ጭምብለኛውን ለማጣጣል አይደለም። ልብን የሚያነሣሣ ምሳሌ ያስፈልገናል፤ ሱፐርማን ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ባይወርድ ስንቱ ልጅ ስለ ማዕድን ሠራተኛ አስቦ ያውቃል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንደሚባለው ግን ከተማ የሚድነው ሸክሙን አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው አይደለም። ጎርደንም ወረቀቱን ወደ እስር ቤት ሲወስድ ያ ወረቀት አስቀድሞ መጻፍ ነበረበት። የጻፈው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ሥዕል የለውም።

አለቃዬ አርፈዋል። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ለጥያቄያቸው መልስ ይዤላቸው በሄድኩ ነበር። «ጌታዬ፣ መዝገብ የሚከፍትለት እኔ ነኝ» እላቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

እናንተም ነገ ጧት ጠረጴዛችሁ ላይ የተከመረውን ፋይል ስታዩ ይህን አስቡ። ከፊታችሁ ያለው ቀን፣ ቍጥርና ስም ለማን ነፍስ እንደሚደርስ አታውቁም፤ ምናልባት ለማትወዱት አሳብ ማስረጃ ይሆን ይሆናል፤ ቢሆንም ልክ አድርጋችሁ ጻፉት። «ጎታም በጋዝ መብራት»ንም ብታገኙት አንብቡት፤ መልካም መጽሐፍ ነው። ነገር ግን አደራችሁን፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ በፋይልም አትሸፍኑት።